የሰልሚያ ካሮት ከነጭቃው

የቡታጅራ ሰው ካሮት የሚገዛው በዓይኑ ነው። አያሸትም፣ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ካብረቀረቀ ይወስዳል፣ ካላብረቀረቀ አልፎ ይሄዳል። ይኸው ሰው ጥሬ ክትፎ ሲቀርብለት ግን በሬው የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳረደው፣ ቢላዋው እንኳን መቼ እንደተሳለ ሳያጣራ አንዲት ጉርሻ አያነሳም! ካሮት ላይ ሲደርስ ምን እንደሚነካው እንጃ።

በዚህ ሰው መሃል ነው እንግዲህ ሰልሚያ ካሮቷን ከነጭቃው ዘርግታ የምትቀመጠው። ከገበያው መግቢያ በስተቀኝ፣ ጥጉ ላይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኖረችበት መደብ። በግራም በቀኝም የሌሎቹ ሴቶች ካሮት ያብለጨልጫል። የሷ አፈር እንደለበሰ ነው፣ ቅጠሉም አልተቆረጠም። የሚያልፍ ሁሉ ሳይተርባት አያልፍም። "እናቴ፣ ካሮት ነው ድንች?" ይላል አንዱ። "ማሳውን ነቅላ ነው እንዴ ያመጣችው?" ይላል ሌላው። ሰልሚያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትቀመጣለች። የገዛ ይገዛል፤ ያልገዛ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

አጠገቧ የምትሸጠው እቴነሽ ናት። እቴነሽ የወንጌል አማኝ ናት፣ ሰልሚያ ሙስሊም ናት፤ አንድ ላስቲክ ጥላ ስር ተቀምጠው አንዷ የሌላዋን ልጆች ሲያዩ ነው ዕድሜያቸውን የገፉት። ስለዚህ እቴነሽ የፈለገችውን ብትላት ማንም አይቆጣትም።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ እሰማ ነበር" አለቻት አንድ ቀን። "ወረቀቱን አውቀዋለሁ፣ ሞኙን ግን አሁን አንቺን ሳይ ነው ያወቅሁት። ሸረፋ አጥቦ የሚያመጣውን ተቀብለሽ እንደ ሰው አትሸጪም ሰልሚዬ?"

"አልሸጥም።"

"ለምን?"

"አልሸጥም አልኩሽ እኮ!"

ለምን እንደሆነ እቴነሽ አታውቅም። ማንም አያውቅም። ሰልሚያ ያንን ነገር ለመናገር አፏ እሺ አላላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰልሚያ የልጇን ልጅ ታሳድጋለች። ከድጄ ትባላለች፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰልሚያም እንደ ሁሉም ሰው የታጠበ ካሮት በምትሸጥበት ጊዜ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ እጇን ዘረጋች። ሰልሚያ ከተዘረጋው ሁሉ የሚያምረውን መርጣ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጋ፣ "እንኪ የኔ ከረሜላ" ብላ ሰጠቻት። ልጅቷ እዚያው ቆማ ቀርጠም ቀርጠም አድርጋ ጨረሰችው። ሰልሚያም ደስ ብሏት ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ጣላት። ታይፎይድ ነው ተባለ። አሥራ አንድ ቀን ተኛች፤ ስትነሳ ያ የሚያምር ጸጉሯ በማበጠሪያ እየተነቀለ ይወጣ ነበር። የጤና ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን "ሳይታጠብ የበላችው ጥሬ ነገር አለ?" ብላ ስትጠይቅ፣ ሰልሚያ "ኧረ በፍጹም! የበላችው የታጠበ ካሮት ነው" ብላ መለሰች። ሴትየዋ ከወረቀቷ ቀና ብላ፣ "በምን ውሃ የታጠበ?" አለቻት።

ይህን ሁሉ ዓመት ካሮት ስትሸጥ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ካሮቱን ከየማሳው የሚሰበስበው ሸረፋ ነው፣ የአትክልት ሻጮች ማህበር ሰብሳቢው። በአይሱዙው ጭኖ ወንዝ ያወርደዋል፣ አሳጥቦ ገበያ ያወጣዋል። ሴቶቹ የሚያዩት ከመኪናው ሲወርድ ነው፤ ሲወርድ ደግሞ ያብረቀርቃል።

ልጅቷ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ሰልሚያ ካሮቱ ወደሚታጠብበት ወንዝ፣ ከድልድዩ በታች ወረደች። ካሮቱን በጆንያ ሞልተው፣ ጆንያውን ውሃ ውስጥ አጋድመው፣ ሁለት ጎረምሶች ጭቃ እንደሚያቦኩ ሰዎች በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። ከነሱ ከፍ ብሎ ባጃጅ ይታጠባል። ከባጃጁ ከፍ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ የሚጠጣ ከብት ደግሞ ቆሞ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ፣ ከዳር ካሉት ቤቶች ሽንት ቤት የተቀጠለ ቱቦ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይንጠባጠባል። ሰልሚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ልጄን ያሳመማት ሰው አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ በዚህ በእጄ ነው ብላ አለቀሰች። ሲወጣላት ተነሳች፣ "ወላሂ ከዚህ ውሃ የወጣ ካሮት ለሰው አልሰጥም" አለች፣ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ካሮት የምታመጣው መስቃን ካለው የአጎቷ ልጅ ማሳ ነው፣ እንደተነቀለ። በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ለቤትም አይበቃ። ደግሞም ነገሩን እያሰበች ስትሄድ ጭቃውን ወደደችው። ጭቃ ያየ ሰው ቤቱ ገብቶ ያጥባል፤ የሚያብረቀርቅ ያየ ሰው እዚያው ይነክሳል። ይህን ያህል ቀላል ነው።

ዘንድሮ ማህበሩ አዲስ ደንብ አወጣ። "ጭቃ ያለበት አትክልት የገበያውን ጽዳት ያበላሻል። ከመጪው አርብ ጀምሮ ሳይታጠብ የሚገባ አትክልት አይኖርም። እምቢ ያለ መደቡን ይለቃል።" ገበያ ውስጥ ጭቃ ያለው ካሮት የምትሸጥ ሴት አንድ ብቻ ናት። ደንቡ ስሟን መጥራት ብቻ ነው የቀረው።

ሸረፋ ራሱ መጥቶ ነገራት። ስድሳን የተሻገረ፣ ሽቶ የማይለየው፣ ሲቆጣም ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ክፉ ነው እንዳይባል ለቅሶ አይቀርበትም፣ የታመመ ይጠይቃል። ከድጄ የተኛች ጊዜ እንኳን አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዞ መጥቶ ነበር።

"ሰልሚያ፣ እልህ ይቅርብሽ" አላት። "ካሮቱን ከኔ ተቀበይ፣ ወይም ያንቺን ወንዝ ያሉት ልጆች ይጠቡልሽ።"

"ጋሽ ሸረፋ፣ ያ ውሃ ቆሻሻ ነው።"

"ይሄ ሁሉ አገር ይበላው የለም እንዴ? ሞተ?"

"የታመመ ሁሉ ምን በልቶ እንደታመመ መች ያውቃል?"

ሸረፋ ፈገግ አለ፣ መቁጠሪያውን ጠቀለለ። "ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ስብሰባ አለ። ወይ ታጥቢያለሽ ወይ መደቡ ለሌላ ይሰጣል" ብሏት ሄደ።

ሰልሚያ ቤት ገብታ እህል አልቀመሰችም። መደቡ ማለት ቤት ኪራይ ነው፣ የከድጄ ደብተርና ጫማ ነው። ሌላ ሥራ አታውቅም። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ የት ትሂድ? እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አንዲት ቃል ናት። ግን ያቺ ቃል በመጣች ቁጥር የጸጉሩ ማበጠሪያ ፊቷ ላይ ድቅን ይላል፣ አንጀቷ እምቢ ይላል።

ማክሰኞ ጠዋት በሯ ተንኳኳ። ከፈተች። የቆመችው መሕቡባ ናት፣ የሸረፋ ሚስት። ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ስባዋለች፣ ወደ ኋላዋ ትመለከታለች።

"አሰላሙ ዓለይኩም ሰልሚያ።"

"ወዓለይኩሙ ሰላም። ምነው በሰላም ነው? ግቢ።"

"አልቆይም። እሁድ የልጄ ኒካህ ነው።"

"ሰምቻለሁ፣ አላህ ያሳምረው።"

"ለእንግዳው ሰላጣ ይሠራል። ጥሬ ካሮት ያስፈልጋል።"

"ታዲያ ባልሽ መኪና ሙሉ አለው አይደል እንዴ?"

መሕቡባ መሬት መሬቱን አየች። "ካንቺ ነው የምፈልገው። ጭቃ ያለውን፣ አንድ ጆንያ።"

"ሸረፋ ያውቃል?"

"እሱ ነው የላከኝ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ከዚያ ወንዝ የወጣ ጥሬ ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ሰርጉ ላይ ሰው ቢታመምስ? አደራሽን ሰልሚያ፣ ይሄ ካፍሽ እንዳይወጣ። አደራ።"

የሰልሚያ ደም ፈላ። ብርቱካኑ ትዝ አላት። ያን ሁሉ ፍሬ ትቶ የሚላጥ መርጦ ነው ያመጣላት! ያውቃል፣ ከድሮም ያውቃል። የኔ ልጅ ጸጉሯ ሲረግፍ የነሱ ልጆች በንጹህ ሲያድጉ ኖረዋል አለች በሆዷ። በሩን በመሕቡባ ፊት ልትዘጋው ምንም አልቀራትም። ግን ሴትየዋ አደራ ብላለች፤ አደራ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ሰልሚያ ጆንያውን ሞልታ አሸከመቻት።

"ቤትሽ ስትደርሺ በንጹህ ውሃ እጠቢው" አለቻት። "ሦስት ጊዜ። ጭቃው ለቀቀ ብለሽ እንዳታቆሚ።"

ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ የማህበሩ ቆርቆሮ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ሰልሚያ ዘንቢል በአንድ እጇ፣ ማንቆርቆሪያና ሳፋ በሌላው ይዛ ገባች። እቴነሽ ዓይኗን አፈጠጠች። "ድግስ መስሎሽ ነው? ማስታጠቢያውን ምን ልታደርጊው ነው? በሞቴ ይቅርታ በይና እንሂድ።"

"ዝም በይ እስቲ።"

ሸረፋ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ስለ ጽዳት ተናገረ። ገበያ የከተማ ፊት ነው አለ፣ ፊት ደግሞ ይታጠባል አለ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። "ሰልሚያ እህታችን ናት፣ ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው" ብሎ ሲጨርስ እጅ ሊያስወጣ ሆነ።

ሰልሚያ ተነሳች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃት ነበር። ሚስትዎ ማክሰኞ ጠዋት ቤቴ መጥታ ነበር፣ ይህቺው ናት። ምላሷ ጫፍ ላይ መጣች። ቤቱ ሁሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር፣ ሸረፋም ሁለተኛ ቀና ብሎ አይሄድም ነበር። መሕቡባ ግን ምን ትሆናለች? ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው። ምስጢሩን አታወጣውም፤ ማወቋ ግን ጉልበት ሆኗታል። ሌላው ሰው የማያውቀውን እሷ ታውቃለች፤ ይህ ሰውዬ አይበላውም።

ከዘንቢሏ አንድ የሚያብረቀርቅ ካሮት አወጣች፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ጋሽ ሸረፋ፣ ይሄ ዛሬ ጠዋት ከመኪናዎ የወረደ ነው። ንጹህ ነው?"

"ንጹህ ነው። ዓይን የለሽም?"

"ታጥቧል?"

"ታጥቧል አልኩሽ እኮ!"

"እንግዲያው ይብሉልኝ። እርስዎ ከበሉት ነገ ማለዳ እኔ ራሴ ጆንያዬን ተሸክሜ ወንዝ እወርዳለሁ። ወላሂ! ይሄ ሁሉ ሰው ምስክሬ ነው።"

"ይሄማ ቀላል ነው" አለ ከኋላ አንድ ሰው። "ብላላትና እንሂድ እንጂ፣ መሸ።"

ሸረፋ ካሮቱን አነሳው። አገላበጠው። ጫፉን አየው፣ ጭራውን አየው። ሰው ይጠብቃል። ሸረፋ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠውና፣ "እጄን አልታጠብኩም" አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው እቴነሽ ናት፣ ሳታስበው አምልጧት። "ጉድ በል! ካሮቱ ታጥቧል፣ የቀረው እጁ ነው!" አለች። ቆርቆሮው ቤት አብሯት ሳቀ።

ሰልሚያ አልሳቀችም። ሳፋውን አነሳች፣ ማንቆርቆሪያውን ያዘች፣ ጎንበስ አለች። "ለእጅዎማ ውሃ አለ ጋሽ ሸረፋ። እንኩ ላስታጥብዎ።"

አገሩ መቼም የታወቀ ነው፤ ሴት ማንቆርቆሪያ ይዛ ፊቱ ስትቆም እጁን የማይዘረጋ ወንድ የለም። ሳያስበው ነው የሚዘረጋው። የሸረፋም ሁለት እጆች ከሳፋው በላይ ወጡ። ሰልሚያ ማንቆርቆሪያውን ዘንበል አደረገች፣ ውሃው የማንቆርቆሪያው አፍ ላይ ሲደርስ ያዝ አደረገችው።

"ሰው አላታልልም፣ ከየት እንደቀዳሁት ልንገርዎ" አለች። "ዛሬ ጠዋት ከድልድዩ በታች፣ ልጆቹ ጆንያ ከሚረግጡበት ቦታ ነው። ይሄው ካሮት የታጠበበት ውሃ ነው። ቢስሚላህ ይበሉ።"

ሸረፋ እጆቹን ሰበሰበ። ሁለቱንም ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

በቤቱ ውስጥ የሚስቅ ሰው ጠፋ። ሰልሚያ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ወደ ሴቶቹ ዞረች። አንድ ዓመት ሙሉ የታሰረው አፏ ያን ጊዜ ተፈታ።

"ለእጁ የተጸየፈውን ውሃ እኔ ለልጄ አንጀት ሰጠሁት!" አለች። "ከድጄን ምን አሳመማት እያላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያሳመምኳት። የሚያብረቀርቀውን መርጬ፣ በቀሚሴ ጠርጌ፣ የኔ ከረሜላ ብዬ ሰጠኋት። አሥራ አንድ ቀን ታድራለች አታድርም ሲሉኝ አፌን ይዤ ተቀመጥኩ፣ አፍሬ! አሁን አላፍርም። መደቤን ከፈለጋችሁ ውሰዱት፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እሸጣለሁ። ጭቃውን ግን አልነካም። ጭቃ ያየ ሰው ቤቱ ገብቶ ያጥባል። ያንን ያየ ሰው ግን እዚያው ይነክሳል!" በጣቷ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ካሮት አሳየቻቸው።

"እጅ እናውጣ" አለ ሸረፋ፣ ግን የራሱም እጅ ከኪሱ አልወጣም። የማንም አልወጣም። ትንሽ ቆይቶ፣ "ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተላልፏል" አለና ተነሳ። ካሮቱ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ እያየው ወጣ።

አርብ ማለዳ ሰልሚያ ጥጓ ላይ ተቀመጠች። ተነሺ የሚላት አልመጣም፣ ተቀመጪ ያላትም የለም። እቴነሽ ዘግየት ብላ መጥታ ሁለት ክምር ሠራች፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ አንዱ ከነአፈሩ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ሰልሚያ።

"ለሁሉም ዓይን ይሁን ብዬ ነው። አንቺ ጀግና ነሽ፣ እኔ ግን አራት ልጆች አሉኝ።" ቀጥላም፣ "ለራሴ ልጆች ከዚህኛው ነው የምወስድላቸው" ብላ አፈር ወደለበሰው ጠቆመች።

"ታዲያ የሰው ልጅስ?"

እቴነሽ የሚያብረቀርቀውን ክምር ማስተካከል ያዘች። ሁለቱ እስከ እኩለ ቀን ድረስ እንደተኮራረፉ ቆዩ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ገበያው ደመቀ። የሸረፋ አይሱዙ መግቢያው ላይ ቆሟል፣ ሸረፋ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጧል፣ ጎረምሶቹ የታጠበውን ያወርዳሉ። ሰው የትናንቱን ወሬ ሰምቷል፤ መጥቶ ያያል፣ ጭቃውንም ያያል፣ የሚያብረቀርቀውንም ያያል፣ ይወላውላል። የሰልሚያ ክምር እንደጠዋቱ ነው፣ ምንም አልጎደለም። በዚህ ሰዓት ነው መሕቡባ በገበያው መሃል የመጣችው። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ነው፣ ፊቷ ለሁሉ ይታያል። በባሏ መኪና አጠገብ ስታልፍ ዞርም አላለች።

"ሰልሚያ!" አለች፣ ገበያው እስኪሰማ። "ማክሰኞ ካንቺ የወሰድኩት ለሰርጉ አልበቃም። ጨምሪልኝ። ያንኑ፣ ከነጭቃው!"

ሰልሚያ ደንግጣ ተነሳች። "መሕቡባ፣ አደራ ብለሽኝ አልነበር?" አለቻት በሹክሹክታ።

"አደራዬን በልተሽ ቢሆን ኖሮ ቤቴ ተቀምጬ እረግምሽ ነበር" አለች መሕቡባ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። "ስለ ከድጄ ያልሽውን ነገሩኝ። የኔዎቹን ከዚያ ውሃ ደብቄ እያሳደግሁ፣ ላንቺ ልጅ ብርቱካን መላክ የበቃኝ መሰለኝ። ሙይልኝ እንግዲህ፣ ጆንያውን ያዝኩት።"

ሸረፋ የመኪናውን መስኮት ዘጋ። መስታወቱ ግን ያሳያል፤ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ ሚስቱን ያያል። እቴነሽ ምንም ሳትናገር የሚያብረቀርቀውን ክምር በላስቲክ ሸፈነችና የሰልሚያን ጆንያ በሌላኛው ጫፍ ይዛ ማገዝ ጀመረች።

ሰልሚያ ጭቃ ካሮት መሸጥ ከጀመረች ወዲህ አንድ ቀን እንኳን ድምፅዋን አሰምታ ጠርታ አታውቅም፤ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሸጠው። አሁን ቀና አለች፣ እጇን አፏ ዳር አድርጋ ድምፅዋ መኪናው ውስጥ እስኪገባ ጮኸች፦

"ካሮት! ጭቃ ያለው ካሮት! ውሰዱና አጥባችሁ ብሉ!"